የትሬሞሎ ሞላ ጥያቄ ያላችሁ ዛሬ አምጡ

ትሬሞሎ ማለት እጀታውን ስትጫኑት የኤሌክትሪክ ጊታሩን ቃና ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዕቃ ነው። ስለ እሱ ሞላ ለየብቻ ስመልስ ከምኖር አንዴ እዚህ እንጨርሰው ብዬ ነው። ስትጠይቁ የብሪጁን (ክሮቹ ጊታሩ ገላ ላይ የሚታሰሩበትን ብረት) ዓይነትና የክሩን ቁጥር፣ ማለትም ውፍረቱን፣ ንገሩኝ። ሌላው፣ ጊታሩ ጀርባ ውስጥ ያሉትን ሁለት ረጃጅም ቪቴዎች ከማጥበቃችሁ በፊት ክሩን አላሉ። ይህንን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ጊታሬ ቅኝት አይዝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ብሪጅ? ምን ክር? ቅኝቱ የሚወርደው እጀታውን ስትጫን ነው ወይስ እንዲሁ ተቀምጦ? ይህን ይዘህ ተመለስ።

ባለ ስድስት ክር፦ ከ9 ቁጥር ክር ወደ 10 ቀየርኩ። ብሪጁ ከኋላው ብድግ ብሎ ቀረ። የስትራቶካስተር (የፌንደር ጊታር) ዓይነት ነው፣ ሦስት ሞላ አለው። አራተኛ ልጨምር?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ወንድሜ፣ ነገሩ ገመድ ጉተታ ነው። ክሮቹ ብሪጁን ወደ አንገቱ ይስባሉ፣ ሞላዎቹ ከጀርባ ሆነው ይመልሱታል። በስትራቶካስተር የክር ርዝመት፣ በተለመደው ቅኝት፣ ከቀጭኑ 9 እስከ ወፍራሙ 42 ያለው ክር ስድስቱ ተደምሮ ወደ 38 ኪሎ ግራም ይስባል። ከ10 እስከ 46 ያለው ደግሞ ወደ 47። በአንድ ወገን ዘጠኝ ኪሎ ጨምረህ ሌላውን ወገን ካልነካኸው ብሪጁ ይነሳል።

ሦስት ሞላ ለ10 ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የጎደለው ቁጥሩ ሳይሆን ውጥረቱ ነው። የኋላ ክዳኑን ፍታ። ክሩን አላላ። ሞላዎቹ የተንጠለጠሉበት ብረት አለ፣ ጥፍር እንለዋለን። እሱን የያዙትን ሁለት ቪቴዎች እኩል አጥብቅ። ግራውን አንድ ዙር፣ ቀኙን አንድ ዙር፣ ብሪጁ እንጨቱ ላይ ጥብቅ ብሎ እስኪቀመጥ። ከዚያ እጀታውን ተጫን፣ ብሪጁ ከኋላው ሲነሳ ከሥሩ የመጫወቻ ካርታ ደርበህ አስገባ። ጊታር ሠሪው ፌንደር ለተንሳፋፊ (ከኋላው ከእንጨቱ ተነስቶ ለሚቆም) ብሪጅ የሚመክረው ክፍተት 3.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አሥር አሥራ አንድ ካርታ እዚያ ያደርስሃል፣ ቀለሙንም አይጭርም።

አሁን ቃኝ። ካርታው ብሪጁን ስለያዘው አንዱን ክር ስትወጥር ሌላው አይረግብም። ስትቃኝ ብሪጁ ከካርታው ላይ ከተነሳ ግን ሞላው ገና ነው። ክሩን እንደገና አላላና ቪቴውን ጨምር። ጥፍሩ እስከ መጨረሻው ሄዶ እንጨቱን ከነካና አሁንም ካልበቃ፣ ያን ጊዜ አራተኛውን ሞላ አምጣ።

ቅኝቱ ሲያልቅ ቪቴዎቹን ሩብ ሩብ ዙር እያልክ መልሰህ አላላ። በየሩብ ዙሩ ካርታውን በሁለት ጣት ይዘህ ሳብ አድርገው። መጀመሪያ ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ በግድ ይላወሳል። ከዚያ ሸርተት ብሎ ይወጣል። እዚያው ቁም። ብሪጁ በካርታው ቁመት ተንሳፎ ይቀራል፣ ቅኝቱም ካለበት አይነቃነቅም።

ማታ ልምምድ፦ ክሩን ሳላላ ባጠብቀው ግን ምን ይመጣል?

መልስ፦ ካቻቪቴው ይንሸራተትና የቪቴውን ራስ ይበላዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሲያልቅ ነው። አንድ ጊዜ ጠጋኝ ቤት ያየሁት ጊታር ቪቴው በባዶ ይሽከረከር ነበር። ቀዳዳው በእንጨት ተሞልቶ እንደገና መበሳት ነበረበት። የቪቴው ጥርስ ላይ ሰም ቀባ ብታደርጊ በቀላሉ ይዞራል። ጥፍሩ ላይ የተበየደችውን ቀጭን ሽቦም እንዳትበጥሺያት። እሷ ከሄደች ጊታሩ እዝዝ እያለ ነው የሚቀረው። እህቴ፣ ክሩን አላዪ።

ሪትም ብቻ፦ ይቅርታ፣ ግን ትሬሞሎ ማለት ራሱ ስህተት ነው። ትሬሞሎ የድምፅ መጠን ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ይሄ ቃናውን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ ቫይብራቶ ነው።

ድምፀ ወፍራም፦ ዓለም ሁሉ እንዲህ እያለው አንተ ልታርም ነው?

ሪትም ብቻ፦ በ1954 ስትራቶካስተር ሲወጣ ፌንደር ስሙን አዛብቶት ነው። ጭራሽ አምፕሊፋየሮቹ ላይ የድምፅ መጠኑን ነገር ቫይብራቶ ብሎ ጻፈበት።

ድምፀ ወፍራም፦ እሺ ተቀበልኩ። አምስት ሞላ ግን ድምፅ ያወፍራል፣ ይሄን እንኳ እመኑ።

ሪትም ብቻ፦ ማን ለካው?

መልስ፦ ስሙ ላይ ሪትም ብቻ ልክ ነው። ይብቃን። አምስት ሞላ የሚጠቅመው ብሪጁን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ነው። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ጭራሽ በእንጨት ቁራጭ ይዘጋው ነበር። እንዲህ ሲሆን አንድ ክር ቢበጠስ የቀሩት ቅኝታቸውን አይለቁም። ተንሳፋፊ ላይ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ወደ ላይ ይሸሻሉ። ምርጫው እዚህ ጋ ነው። ድምፁ ላይ ክርክር አልገባም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ስንት ሞላ ነው የሚያስፈልገው?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ለየትኛው ክር ነው? ለምን ዓይነት ብሪጅ? አንብብና ና።

ማታ ልምምድ፦ ፍሎይድ ሮዝ በሚባለው ክር ቆላፊ ብሪጅ ላይም ካርታው ይሠራል?

መልስ፦ ሐሳቡ አንድ ነው፣ አቀማመጡ ይለያል። እሱ ላይ የብሪጁ ሰሌዳ ከጊታሩ ፊት ጋር ትይዩ መሆን አለበት። የነቱን (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ባለ ቦይ ቁራጭ) መቆለፊያ ሳትፈቺ መቃኛውን አትንኪ።

ጀማሪው፦ ፒክአፕስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ዛሬ ሞላ ነው። የጠየቅኩህንም አላመጣህም።

ባለ ስድስት ክር፦ ጋሼ፣ ሠራሁት። ካርታው ሸርተት ብሎ ወጣ፣ ቅኝቱም ቆመ! አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እጀታውን ተጭኜ ስለቀው ሦስተኛው ክር ትንሽ ከፍ ብሎ ይመለሳል።

መልስ፦ ጎበዝ! ሦስተኛው ብቻ ከሆነ ሞላው የለበትም፣ ነቱ ነው። ስትጫን ክሩ ይረግባል፣ በነቱ በኩል ወደ መቃኛው ይሸሻል፣ ስትለቀው እዚያ ተይዞ ይቀራል። ስትቃኝ ጥቅ የሚል ድምፅ ትሰማ ይሆናል፣ ምልክቱ እሱ ነው። ሦስተኛውን ብቻ አላላና ከቦዩ አውጣው፣ ቦዩን በለስላሳ እርሳስ ደህና አድርገህ አጥቁረው፣ መልሰህ ቃኝ። ጥፍሩን አሁን አትንካው።