ወረቀቱን እናትሽ አሁን እንዳይፈርሙ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አባትሽ ከሁለት ሰዎች ጋር ያቋቋሙት ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ነበራቸው፣ አርፈዋል። ሸሪኮቹ «ድርሻችሁን በካሽ እንስጣችሁ፣ ፈርሙ» ብለው ወረቀት አምጥተዋል። እናትሽ ደግሞ ጡታቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረጉ አምስት ወራቸው ነው፣ ክንዳቸው አብጧል። «ገንዘቡ ለሕክምናው ስለሚያስፈልገን ብንፈርም ምን ችግር አለው?» ብለሻል።

አትፈርሙ። ቢያንስ አሁን አትፈርሙ።

እኔ ጠበቃም ሐኪምም አይደለሁም። ደብረ ብርሃን የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን እናንተ ቤት የገባው እኔም ቤት ገብቷል፣ የአባቴ ሞትና የእኔ የጡት ካንሰር፣ ያውም ሁለቱም በአንድ ዓመት። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መመሥረቻ ጽሑፉን፣ አባላቱ ማኅበሩን ሲያቋቁሙ የተፈራረሙበትን ሰነድ፣ እጃችሁ አስገቡ። ሸሪኮቹ ባይሰጧችሁ የተመዘገበበት ንግድ ጽሕፈት ቤት ፋይሉ ውስጥ አለ። አባል ሲሞት ድርሻው እንዴት ለወራሽ እንደሚተላለፍ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጊ። «ሕጉ ካሽ ብቻ ነው የሚፈቅደው» ካሏችሁ አንቀጹን አሳዩን በሏቸው።

2. የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ። ይህን ሌሎችም ነግረውሻል። እኔ የምጨምርልሽ ስሙን ፊደል በፊደል እንድታመሳክሪ ነው። የእኔ አባት ስም በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ በ«ኃ» ነው የተጻፈው፣ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በ«ሃ»። የቢሮዋ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ከብብቴ ስር ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ገና አልተነቀለም ነበር። ጠርሙሱን በጋቢ ሸፍኜ፣ በዚያ የኅዳር ውርጭ፣ አምስት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ነው»፣ አንድ ቀን «ማኅተሙን የያዘው ሰው የለም»። ወንበር ላይ እንድቀመጥ የጠየቀኝ የበሩ ጥበቃ ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀን ከቀበሌ «አንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ አጻፍኩ፣ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ያንን ደብዳቤ በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ ቁስሌ ያን ያህል ባልተቆጣ።

3. ሦስተኛው ዋናው ነው፦ የድርሻው እውነተኛ ዋጋ ሳይታወቅ አትፈርሙ። ገንዘብ የተቀበልኩበትን ቀን ልንገርሽ።

አባቴ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር የመኖ ማቀነባበሪያ ነበረው። የሞተው መስከረም 2011 ነው፣ እኔ የታከምኩት ኅዳር። ታኅሣሥ ላይ ከሸሪኮቹ አንዱ ቤቴ መጣ። ጋሼ እያልኩ ያደግኩት ሰው ነው። ከባለቤቱ ጋር ማርና ብርቱካን ይዘው ነው የመጡት። ወረቀቱን አወጣ። «የማኅበሩ ካፒታል 300,000 ብር ነው፣ ሦስት አባላት እኩል፣ ስለዚህ የአባትሽ 100,000 ነው። እናንተ ሁለት ልጆች ናችሁ፣ ያንቺ 50,000» አለኝ። ከዚያ «10,000 ለሕክምናሽ ከራሳችን ጨምረናል» አለኝ። ጉልበቱን ልስም ተነሳሁ፣ እሱ ነው የከለከለኝ።

ኬሞ፣ የካንሰሩ መድኃኒት፣ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ላምበረት መውረድ፣ ማደሪያ፣ መድኃኒት። ቤት ውስጥ ምንም አልቀረም። ፈረምኩ። የታከምኩት በቀኝ በኩል ነው፣ ክንዴን ትራስ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ።

ዓለም ከተማ የሚያስተምር ታናሽ ወንድም አለኝ። «ኦዲት ሳይደረግ አልፈርምም» አለ። ተቆጣሁት። የአባታችንን ወዳጅ አዋረድክ ብዬ ለወራት አኮረፍኩት።

አሁን ስሚኝ። መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ያለው ካፒታል ሲጀምሩ ያዋጡት ነው። ከዚያ በኋላ የተገዛው ማሽን፣ አይሱዙው፣ መጋዘን ውስጥ ያለው መኖ፣ ደንበኛ ያልከፈለው ዱቤ፣ ሳይከፋፈል የተቀመጠው ትርፍ፣ አንዱም እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። የድርሻው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው የማኅበሩ ንብረት ተቆጥሮ ዕዳው ሲቀነስ ነው። ይህን የሂሳብ ባለሙያ ነው የሚሠራው፣ መዝገቡን አይቶ።

ወንድሜም ተሳስቷል፣ እሱንም ልንገርሽ። ሸሪኮቹን ሲከስ መጀመሪያ አይሱዙውን የአባቴ ንብረት ብሎ ክሱ ውስጥ አስገባው። ዳኛው «መኪናው የማኅበሩ ነው፣ እናንተ የወረሳችሁት ድርሻውን ነው» አሉት። ማኅበሩ ራሱን የቻለ ሰው ነው በሕግ ዓይን። ይህን ለማስተካከል ብቻ ወራት ሄደበት። አንቺም «የአባቴ መኪና፣ የአባቴ መጋዘን» እያልሽ እንዳትከራከሪ። በማን ስም እንደተመዘገበ እዪ።

በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ የሂሳብ አዋቂ አዘዘ። መጋቢት 2013 ወንድሜ 640,000 ብር ተቀበለ።

እሱ 640,000፣ እኔ 60,000። የአንድ አባት ልጆች ነን፣ ልጆች እኩል ይወርሳሉ ነው የሚለው ሕጉ።

ሚያዝያ ላይ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን ሳያነብ መጀመሪያ ቀኑን ነው ያየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1710 የሰውን ችግር ወይም ልምድ ማጣት ተጠቅሞ፣ እጅግ ጎጂ በሆነ ዋጋ የተደረገ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል ይላል። እኔን ነው የሚያወራው። ግን ቁጥር 1810 ደግሞ ለዚህ ክስ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው። እኔ ከፈረምኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝ ነበር። ጠበቃው ከሰሽ ታሸንፊ ነበር አላለኝም፣ ማስረጃው ከባድ ነው አለኝ። ግን ልሞክረው እችል ነበር። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ሊጠይቀኝ መጣ፣ አንድም ሰው «ምን ፈረምሽ? መቼ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ግን እጠይቅሻለሁ። እስካሁን የፈረማችሁት ነገር አለ? ካለ ቀኑን ዛሬውኑ እዪው።

ሌላ ያላነሳሽው ነገር አለ። እናትሽ በሕጉ የአባትሽ ወራሽ አይደሉም፣ ከዚያ የሚበልጥ መብት ነው ያላቸው። ድርሻው በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የራሳቸው ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው ግማሽ ነው፣ እሱ ለልጆች። ሸሪኮቹ ያመጡት ወረቀት ይህን ይለያል ወይ? ደግሞ አባትሽ በግላቸው ለአንዱ ሸሪክ ውክልና ሰጥተው ከነበረ በሞታቸው አብቅቷል፣ በእሱ ከዚያ ወዲህ መፈረም አይቻልም። «አንቺ እናትሽን አስታሚ፣ ውክልና ስጪን፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ካሉሽም ለእነሱ አትስጪ። ተቀባዩ ራሱ ገዢው ነው።

«ታዲያ ገንዘቡን ከየት እናምጣ?» ትዪኛለሽ። ገብቶኛል። አባትሽ ያልወሰዱት ትርፍ ካለ በጽሑፍ ጠይቁ። ሸሪኮቹ እውነት ካዘኑላችሁ «በኋላ ከድርሻው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይስጧችሁ፣ ወረቀቱም እንደዚያ ይበል። እኔን ከሁለተኛው ኬሞ በኋላ ያወጡኝ የዕቁብ ጓደኞቼ ናቸው፣ ዕጣውን ሳይጥሉ ለእኔ ሰጡኝ። ከመፈረሜ በፊት አፍ አውጥቼ ብጠይቃቸው ኖሮ ያኔም አይከለክሉኝም ነበር።

ስለ ክንዳቸው። ከብብት ስር ንፍፊቶቹ ወጥተው ከሆነ ፈሳሹ የሚሄድበት መንገድ ይጠባል፣ ለዚያ ነው የሚያብጠው። ከወራት፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ሌላ ምክንያት እንዳይሆን። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ። እኔ «ልብስ ሰፊ አይደለሁ እንዴ» ብዬ እብጠቱን እንዲቀንስ ክንድ ላይ የሚለበሰውን የሚያጠብቅ እጅጌ በራሴ ላስቲክ ሰፋሁት። ከላይ ክንዴ ላይ አጠበቅኩት፣ ፈሳሹ ታች ታግዶ እጄ ጣት መጨበጥ አቃተው። ትክክለኛው እጅጌ የሚጠብቀው አንጓ ላይ ነው፣ ወደ ላይ እየላላ ነው የሚሄደው። ልኩን ባለሙያ ይውሰድ።

ጣቶችን ግድግዳ ላይ ቀስ እያደረጉ ወደ ላይ ማስኬድ ትከሻውን ያፍታታል፣ እኔ ቡና እስኪፈላ ነበር የምሠራው። እንጀራ መጋገር ለጊዜው ለሌላ ሰው ይተውት፣ የእሳት ቃጠሎና የቢላ ቁስል ለዚያ ክንድ ጠላት ነው። ደም ግፊትም በደህናው ክንድ ይለኩ ተብያለሁ። ክንዱ ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ነገ አትበሉ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት። ጠበልም ይሂዱ፣ እኔም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄጃለሁ፣ መድኃኒቴን በቦርሳዬ ይዤ ነው የሄድኩት።

እና ለኩት። እኔ በየእሑዱ በመስፊያ ሜትሬ ሁለቱንም ክንዶቼን አንድ ቦታ ላይ እለካለሁ፣ በደብተር እጽፋለሁ። ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ፊዚዮቴራፒስቷ ጋ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ዓመት አልፎኛል ሳልሄድ። ሲንጀሬ ላይ ተመልሻለሁ፣ ሁለት ልጆችም አብረውኝ ይሠራሉ።

ወንድሜ የፍርድ ቤቱን ማመልከቻ፣ የተስተካከለውን ማለቴ ነው፣ አስቀምጦታል። የሰዎቹን ስም አጥፍቼ ኮፒውን ልልክልሽ እችላለሁ። እናትሽን ለክትትል ወደ አዲስ አበባ ስትወስጂ በደብረ ብርሃን የምታልፉ ከሆነ በውስጥ ጻፊልኝ፣ የግድግዳውን እንቅስቃሴ ራሴ አሳያቸዋለሁ። ወረቀቱንም ይዘሽው ነይ፣ ሳይፈረም።