«ነጠላ ንብርብር» ይባላል?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ያለ፣ አንዱ ጫፉ ውሃ የሚወድ ሌላው የሚሸሽ ሞለኪውል) በውሃ ገጽ ላይ የሚሠራውን፣ ውፍረቱ አንድ ሞለኪውል ብቻ የሆነውን ሽፋን በማስታወሻዬ «ነጠላ ንብርብር» ብዬዋለሁ፤ ባልደረባዬ ግን አይሆንም ይላል። ሽፋኑ ከዳር ሲገፋስ «ፈረሰ» ልበል ወይስ «ታጠፈ»?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «ንብርብር» የ«ተነባበረ» ልጅ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ካልተጫነ ንብርብር የለም። እዚህ ሞለኪውሎቹ ውሃ ወዳድ ጫፋቸውን ነክረው፣ ቅባታማ ጭራቸውን ወደ አየር አቅንተው ጎን ለጎን ቆመዋል። «ነጠላ ሽፋን» ይበቃል። ደግሞም «ስስ» እንጂ «ቀጭን» አይበሉት፤ ቀጭን ለክርና ለዘንግ፣ ስስ ለተዘረጋ ነገር ነው። በስብ ውስጥ የሚገኘው የስቴሪክ አሲድ ነጠላ ሽፋን ውፍረቱ 2.5 ናኖሜትር ገደማ ነውና ከዚህ የሳሳ ነገር በዓይነ ሕሊና ማየትም ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይከብዳል። ጥናቷ እ.ኤ.አ. በ1891 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣላት ጀርመናዊቷ አግነስ ፖክልስ በቤቷ በሠራችው ገንዳ ላይ ተንቀሳቃሽ ቆርቆሮ አጋድማ የውሃውን ገጽ ታጠብና ታሰፋ ነበር። ገጹ ሲጠብ ሞለኪውሎቹ ይጠጋጋሉ፤ ከልክ በላይ ሲገፉ ሽፋኑ ጠፍጣፋ ሆኖ መቆየት ያቅተዋል። ያን ጊዜ የትኩስ ወተት ስልባቦት በማንኪያ ሲገፋ እንደሚሆነው ጥቃቅን መስመር ካወጣ «ተሸበሸበ» ነው። አንዱ ክፍል ወደ ውሃው ገብቶ ከተደረበ «ታጠፈ»። «ተጨማደደ»ን ላልተተኮሰ ልብስ ይተዉት።

«ፈረሰ» ላይ ይጠንቀቁ። የፈረሰ ነገር በራሱ አይመለስም። ሞለኪውሎቹ ከገጹ ተነቅለው ካልተመለሱ ቃሉ ልክ ነው። በሳንባችን የአየር ከረጢቶች ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ሰርፋክታንት አስመስለው በተሠሩ ቅልቅሎች ላይ ግን እጥፋቱ ገጹ ሲሰፋ ተመልሶ ሲዘረጋ ታይቷል። እኛም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ አየር ስናስወጣ ሽፋኑ ይጨመቃል፣ የገጽ ውጥረቱም (ገጹን ለማኮማተር የሚስበው ኃይል) ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ስናስገባ እንደገና መዘርጋት አለበት። ይህን «ፈረሰ» ብለው ቢጽፉት ተማሪው ሰውየው የሞተ ይመስለዋል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሰርፋክታንት ሲያንሳቸው የሚደርሰው ችግር ሌላ ነው፤ እዚያ የሚጎዳው የአየር ከረጢቱ ስለሆነ «ሟሸሸ» ይበሉት።