ጠያቂና መላሽ፦ አለቃዬ ሰደበኝ ወይስ አመሰገነኝ?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሬስቶራንት ወጥ ቤት እሠራለሁ። አለቃዬ ሾርባውን ቀምሶ «ፋኪንግ ጉድ!» አለኝ። ሲናደድም ከአፉ የማይጠፋው ይኸው ቃል ነው። ምን ልበል?

መልስ፦ አመስግኖዎታል። «ፋኪንግ» ከቅጽል በፊት ሲገባ «እጅግ» ከማለት አያልፍም፤ ሙገሳም ቁጣም የሚያደርገው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው። «ፋኪንግ ሌት» ካለ ግን አርፍደዋል ማለት ነው።

ስድብ የሚሆነው ሰው ላይ ሲያነጣጥር ነው፤ «ፋክ ዩ» ጠብ ይጭራል። «ፋክ ኦፍ» «ጥፋ ከዚህ» ነው፤ እንግሊዞች ግን በጓደኛቸው ወሬ ሲገረሙም ይሉታል። «አይ ፋክድ አፕ» ያለ ሰው ሥራ ማበላሸቱን እያመነ ነው፤ «ፋክ ኢት» ደግሞ «የራሱ ጉዳይ» እንደማለት ነው። ቃል መሃልም ይሰነቀራል፦ «አብሶሉትሊ» (በእርግጥም) የሚለው «አብሶ-ፋኪንግ-ሉትሊ» ይሆናል። የሚገባው ድምፁ ጠበቅ ከሚልበት ክፍል ፊት ነው፤ ቦታው ከሳተ ጆሮ ላይ ይሰነክላል፣ ያስቅብዎታልም። «ፋክ» «በንጉሥ ፈቃድ የሚፈጸም ዝሙት» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻረ ቃል ነው የሚባለው ተረት ነው፤ ቃሉ ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ዘር ነው።

እርስዎ ይናገሩት? ደንበኛ ፊት በፍጹም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ይህን ቃል ጃኬቱ ላይ ጽፎ የተገኘን ሰው ነጻ አውጥቷል፤ ያ ጥበቃ ግን ከመንግሥት እንጂ ከግል አሠሪ አያድንም። የባልደረቦችዎን አፍ አይተው ወጥ ቤት ውስጥ ቢለምዱትም፣ ትርጉሙን ማወቁ ይበቃዎታል ባይ ነን።