መልስ፦ በመንጠቆ የሚሠራ ስጋጃ

እህቴ፣ «ከደሴ ኮምቦልቻ ለሥራ ስለምመላለስ መንገድ ላይ ልሠራው እችላለሁ? ዕቃውስ ከየት ይገኛል?» ላልሽው፣ አብሽሪ፣ ዕቃው አጠገብሽ ነው። ሙያው ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካናዳና በአሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ ያሉ እናቶች በአሮጌ ልብስና በጆንያ ያስፋፉት የቁጠባ ሥራ ነው።

ጆንያው ቡና የሚጫንበት ዓይነት ይሁን፤ ማዳበሪያ መንጠቆ አያስገባም። ለጨርቁ ሰልባጅ ተራ ውጪና የሱፍ ካፖርት ፈልጊ። መጀመሪያ በሙቅ ውኃ እጠቢው፤ ሱፉ ይጠብቅና ሲቆረጥ አይተረተርም። ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት እያደረግሽ በረጅሙ ቁረጪው። ጆንያውን በእንጨት ፍሬም ወጥሪ። ጨርቁን በግራ እጅሽ ከሥር ይዘሽ፣ ወፍራም ኪሮሽ ከላይ አስገቢና ዘለበት አድርገሽ ሳቢው። ቋጠሮ የለውም፤ ዘለበቶቹ ተጠጋግተው እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ሁሉንም ቀዳዳ ግን እንዳትሞዪ! እኔ የመጀመሪያዬን ጠቅጥቄ ጠቅጥቄ እንደ አክንባሎ ጎብጦ ቀረ። አሁን ድመቷ ናት የምትተኛበት (እሷስ ወዳዋለች)።

ስለ መንገዱ፦ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ተዪው። አንድ ቀን ሞክሬ ኪሮሹ አውራ ጣቴን ወጋኝ፣ የቆረጥኩት ጨርቅም በሙሉ ወንበር ሥር ተበተነ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲለቅምልኝ ነበር። መናኸሪያ ውስጥ መኪናው እስኪሞላ ስትጠብቂ ግን በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ይወጣሻል።