ቡጢ ለምትወዱ ልጆች፦ የደረጃ ሰንጠረዡን ማን ነው የሚጽፈው?

ልጆቼ፣

ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ቡጢ ነው። ግራ እጄን እንዴት ላፍጥን፣ ኪሎ እንዴት ልቀንስ፣ ውጭ ወጥቼ ፕሮፌሽናል ብሆን ስንት ይከፈለኛል ትሉኛላችሁ። በደስታ እመልሳለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከሪንግ ዳር ነው፤ መጀመሪያ በአሰልጣኝነት፣ በኋላ በነጥብ ዳኝነት። ዛሬ ግን ያልጠየቃችሁኝን ልንገራችሁ። ስለ ደረጃ ሰንጠረዡ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚጋጠም፣ ማን ለሻምፒዮንነት ቀበቶ እንደሚደርስ፣ ማን ደግሞ ተራ ሲጠብቅ ዕድሜው እንደሚያልፍበት የሚወስነው እሱ ነው።

ስለ ቦክስ ሙስና ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን የተሸጠ ግጥሚያ ነው። አንዱ ገንዘብ ተቀብሎ ሆን ብሎ ይወድቃል። እንዲህ ያለውም ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቢሮ ውስጥ የሚሠራው ነው። እዚያ ማንም አይወድቅም፣ ማንም አይደማም። አንድ ስም ከአሥራ አንደኛ ወደ ስምንተኛ ይወጣል፤ በቃ። ተመልካቹ አያየውም። የተበደለው ልጅ ራሱ እንደተበደለ ላያውቅ ይችላል።

አሠራሩን ካላወቃችሁ የምላችሁ ነገር አይገባችሁም። እግር ኳስ ፊፋ አለው። ፕሮፌሽናል ቦክስ ግን አንድ ባለቤት የለውም። አራት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ። ደብሊው ቢ ኤ በ1921 አሜሪካ ውስጥ በሌላ ስም ተቋቁሞ በ1962 የዛሬ ስሙን ያዘ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ደብሊው ቢ ሲ በ1963 ሜክሲኮ ሲቲ ተመሠረተ። አይ ቢ ኤፍ በ1983፣ ደብሊው ቢ ኦ በ1988 ተከተሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቀበቶና የራሱ ደረጃ አለው። ለዚህ ነው በአንድ የኪሎ ምድብ አራት የዓለም ሻምፒዮን የምታዩት። አንዳንዴም ከአራት ይበልጣል፤ “ሱፐር”፣ “ጊዜያዊ” እየተባለ ቀበቶው ይባዛል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከቦክሰኛው። ለቀበቶ የሚጋጠም ሰው ከሚያገኘው ክፍያ ላይ ይቆረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 3 በመቶ አካባቢ ነው። አንድ ሚሊዮን ዶላር ለሚከፈለው ሰው 30,000 ዶላር ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት። ደረጃ የሚሰጠው ድርጅት የሚኖረው ደረጃ ከሚሰጣቸው ሰዎች ኪስ ነው። ስመ ጥር ቦክሰኛ ሲጋጠም ብዙ ይገባል። ጎበዝ ሆኖ ስም የሌለው ልጅ ሲጋጠም ትንሽ ይገባል። ሚዛኑ የነጋዴው የራሱ ሲሆን ገበያተኛ መጠራጠሩ አይቀርም። ይህ ጥርጣሬ ነው ቦክስን ከውስጥ የበላው። ጉቦው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

አንድ ታሪክ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሌሎቹ ሁሉ እሱ ያስተምራል።

ሮበርት ሊ የሚባል ሰው ነበር። በኒው ጀርሲ ግዛት የቦክስ ኮሚሽን ውስጥ ምክትል ኮሚሽነር ሆኖ ሠርቷል። አይ ቢ ኤፍን ያቋቋመው እሱ ነው። ያኔ ሁለቱ የቆዩ ድርጅቶች በአድልዎ ይታሙ ስለነበር አዲሱ ድርጅት ለብዙዎች ተስፋ ነበር። ላሪ ሆልምስ የደብሊው ቢ ሲን ቀበቶ ትቶ ወደ አይ ቢ ኤፍ ሲመጣ ድርጅቱ ክብር አገኘ። ሊ በቦክስ ዓለም ትልቅ ቦታ የያዘ ድርጅት ሊመራ የበቃ ጥቁር አሜሪካዊም ነበር። ይህን የምላችሁ ሰውየው ከመጀመሪያው ወንበዴ እንዳይመስላችሁ ነው።

በኅዳር 1999 የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው። በ13 ዓመት ውስጥ ከፕሮሞተሮች (ከግጥሚያ አዘጋጅ ነጋዴዎች) 338,000 ዶላር ተቀብሎ ደረጃ ሸጧል ነው ክሱ። ከዐቃቤ ሕግ ጋር የቆመው ማን መሰላችሁ? የድርጅቱ የራሱ የደረጃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ከኤፍ ቢ አይ ጋር ተባብሮ ቨርጂኒያ ፖርትስመዝ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ካሜራ ተደበቀ። የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሊ ገንዘብ ሲቀበል ተቀረጸ። ተራ የሆቴል ክፍል፣ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች፣ ጥሬ ገንዘብ። በመላው ዓለም ላብ የሚያፈሱ ልጆች ዕጣ እዚያ ነበር።

ታዋቂው ፕሮሞተር ቦብ አረም በፍርድ ቤት ቀርቦ 100,000 ዶላር መክፈሉን ተናገረ። ለምን ነበር? ጆርጅ ፎርማን በ45 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ዓለምን አስደንቆ ነበር። ቀጥሎ ሊገጥም የታሰበው ጀርመናዊው አክሰል ሹልዝ ግን በአይ ቢ ኤፍ ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ አልነበረም። ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ “ልዩ ፈቃድ” አስፈለገ። ፈቃዱ ተገኘ። በሚያዝያ 1995 ላስ ቬጋስ ላይ ተጋጠሙ። ሁለት ዳኞች 115 ለ113 ለፎርማን ሰጡ፣ አንዱ እኩል አደረገው። ብዙ ሰው ያሸነፈው ሹልዝ ነው ብሎ ነበር። ድርጅቱ ድጋሚ ግጥሚያ አዘዘ፤ ፎርማን እምቢ ብሎ ቀበቶውን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሹልዝን የተበደለ ሰው አድርገን ልናየው እንችላለን፤ ነጥቡ ላይ ሳይበደል አልቀረም። ግን ያን ምሽት በሹልዝ ቦታ መቆም የነበረበት ሌላ ሰው ነበር። ከአሥሩ ውስጥ የነበረ፣ ደንቡ የሚፈቅድለት። ስሙን የጠራ የለም። ጋዜጣ አልጻፈለትም። ምናልባት ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ግጥሚያውን በቴሌቪዥን አይቶት ይሆናል። ስለ ሙስና ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ሰው ነው።

የሊ ጠበቆች ገንዘቡ ጉቦ ሳይሆን የምስጋና ስጦታ ነው ብለው ተከራከሩ። በነሐሴ 2000 ከ33ቱ ክሶች በ27ቱ ነፃ ወጣ። በታክስ ማጭበርበርና በሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ጥፋተኛ ተባለ። የተፈረደበት 22 ወር እስራት ነው። ከፋዮቹ አንዳቸውም እስር ቤት አልገቡም። እኔ ይህንን ፍትሕ ብዬ አልጠራውም። ተቀባይ ያለ ሰጪ የለም፤ ሰጪዎቹ ደግሞ በዚያው ሥራቸው ቀጠሉ።

“ስጦታ ነው” የሚለውን ክርክር እኛም አገር እናውቀዋለን። “ለሻይ” እንላለን። በዳኝነት ዘመኔ በውድድር ዋዜማ የክለብ ሰዎች ሆቴል ድረስ ይመጡ ነበር። “ጋሼ፣ እራት አብረን እንብላ እንጂ!” ይላሉ። ስለ ግጥሚያው አንዲት ቃል አይነሳም። ክትፎ ይታዘዛል፣ ቢራ ይከተላል፣ ስለ ልጆችና ስለ ጤና ይጨዋወታሉ። በማግስቱ ሦስተኛው ዙር ላይ ሁለቱ ልጆች እኩል ሲሆኑና እርሳሱ እጅህ ላይ ሲቆም ግን ያ እራት ትዝ ይላል። ስለዚህ በውድድር ዋዜማ ከማንም ጋር አልበላም ነበር። ኩራተኛ ነው ተባልኩ፤ ተዉት፣ ይበሉ። ከእናንተ አንዳንዶቹ ነገ ዳኛ፣ የፌዴሬሽን ሰው፣ ወይም የሆነ ቢሮ ኃላፊ ትሆናላችሁ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ እየሳቀ ይነግራችኋል። እኔ አልስቅበትም። ሲበሉ ያየኋቸው ሰዎች የበሉት የአንድን ልጅ ተራ ነው።

ሙስና ብቻውንም አይሠራም፤ ግድ የለሽነት ያግዘዋል። ዳሪን ሞሪስ የሚባል አሜሪካዊ ቦክሰኛ በጥቅምት 2000 ሞተ። ደብሊው ቢ ኦ ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ ደረጃውን ከፍ አደረገለት። የሞተ ሰው በሰንጠረዡ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ ያየ የለም፤ ምክንያቱም ማንም አይመለከትም ነበር። ጀርመናዊው ግራሲያኖ ሮኪጃኒ ደግሞ በመጋቢት 1998 በርሊን ላይ ማይክል ናንን አሸንፎ የደብሊው ቢ ሲ ሻምፒዮን ተባለ። ከዚያ ድርጅቱ “የጽሕፈት ስህተት ነው፣ ጊዜያዊ ሻምፒዮን ነበርክ” አለው። ሮኪጃኒ ዝም አላለም። ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሰ። 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ሲፈረድለት ድርጅቱ ለመክሰር ተቃረበ፤ በመጨረሻ በስምምነት አለቀ። ያሸነፈው ወረቀቶቹን ይዞ ስለሄደ ነው።

አማተሩ፣ ማለትም ያለ ክፍያ የሚደረገው ቦክስ፣ ይሻላል እንዳትሉኝ። በ1988 ሶል ኦሊምፒክ (አገራችን ያን ውድድር አድማ አድርጋ አልተገኘችም) አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ ኮሪያዊውን ፓርክ ሲ ሁንን 86 ለ32 በሆነ ቡጢ በልጦት ሳለ ሦስት ዳኞች ለፓርክ ፈረዱ። ወርቁን የወሰደው ሰውዬም አልተጠቀመም፤ በገዛ አገሩ ሳይቀር ሲሰደብ ለዓመታት ተጨንቆ ኖረ። ቆይቶ በ2023 ጆንስ ቤት ድረስ ሄዶ ሜዳሊያውን ሰጠው። የአማተሩን ቦክስ ሲመራ የኖረውን ማኅበር የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ እውቅና የነሳውም በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በተለይ አሜሪካ ላላችሁ፣ ወይም ወደዚያ ለምታስቡ። በግንቦት 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙበት በመሐመድ ዓሊ ስም የተጠራ ሕግ አለ። ብዙ ቦክሰኞች አያነቡትም። ሕጉ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች መስፈርታቸውን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ቦክሰኛ ስለ ደረጃው አቤት ካለ ድርጅቱ በ7 ቀን ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጠው ያዛል። ፕሮሞተር ከግጥሚያው የሚያገኘውን ለቦክሰኛው እንዲገልጽም ይጠይቃል። ፕሮሞተርና ማናጀር (ቦክሰኛውን ወክሎ የሚደራደረው ሰው) በጥቅም እንዳይተሳሰሩ ይከለክላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ የመጨረሻው ክልከላ የሚሠራው 10 ዙርና ከዚያ በላይ ለሚጋጠሙ ነው። ጀማሪው፣ ማለትም ምንም የማያውቀው ልጅ፣ ሜዳ ላይ ቀርቷል። አስፈጻሚውም ደካማ ነው። ቦክሰኛው ራሱ ካልጮኸ ማንም አይጮህለትም።

በ2025 ደግሞ ይህን ሕግ የሚያሻሽል ረቂቅ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቀርቧል። አንድ ኩባንያ ግጥሚያ አዘጋጅ፣ ደረጃ ሰጪና የቀበቶ ባለቤት እንዲሆን በር ይከፍታል። ደጋፊዎቹ የአራቱ ድርጅቶች ትርምስ ይቀንሳል ይላሉ። ትርምሱ እኔንም አስመርሮኛል። ሆኖም ግጥሚያ የሚሸጥልህ ሰው ደረጃህንም ሲጽፍ አልወድም። ሊ ቢያንስ ገንዘቡን ተደብቆ መቀበል ነበረበት።

ሰው ሲጮህ ለውጥ እንደሚመጣም ልንገራችሁ፤ ተስፋ አትቁረጡ። በነሐሴ 2021 ሚኒያፖሊስ ላይ ማይከል ፎክስ ቬንዙዌላዊውን ጋብሪኤል ማስትሬን ጥሎት፣ በብዙዎች ዓይን አሸንፎት ሳለ ሦስቱም ዳኞች ለማስትሬ ሰጡ። ቁጣው ከባድ ነበር። ደብሊው ቢ ኤ አንዷን ዳኛ አገደ፣ “ጊዜያዊ” የሚላቸውን ቀበቶዎችም አነሳለሁ ብሎ አወጀ። ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ግን ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ ሲነገረው ያልሰማ ድርጅት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከመጀመሪያው ግጥሚያችሁ ጀምራችሁ ውል፣ የነጥብ ውጤት፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የተጻጻፋችሁት መልእክት ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ደረጃችሁ ያለ ምክንያት ከወረደ በስልክ አትለማመጡ፤ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ቅጂውን ለግዛቱ የቦክስ ኮሚሽን ላኩ። ማናጀራችሁ የፕሮሞተሩ ወንድም ወይም ሸሪክ ከሆነ፣ የአራት ዙር ጀማሪም ብትሆኑ እምቢ በሉ። ውል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡን ራሳችሁ የከፈላችሁት ጠበቃ ያንብብላችሁ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ዘመድ ወዳጅ ተሰባስቦ ያዋጣ፤ ለሠርግ እናዋጣ የለ? ፕሮሞተሩ “ጠበቃ ምን ያደርግልሃል፣ እኔ አለሁልህ” ካላችሁ ደግሞ ሳትፈርሙ ተነሱ፤ ውሉን ይዛችሁ ጠበቃው ጋ ሂዱ።