ዶሮውም ማሽላውም ሌሊቱን ይፈልጋል

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የምንኖረው ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። 60 የቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ዶሮ ዝርያ) ጫጩቶች በ45 ቀናቸው ገዝቼ አሳደግኩ። ጅብና ሌባ ስለምንፈራ ቤታቸው ውስጥም ደጃፉ ላይም ሌሊቱን ሙሉ አምፖል እናበራ ነበር። ገና አራት ወር ሳይሞላቸው መጣል ጀመሩ፣ ደስ አለን። እንቁላሉ ግን ትንንሽ ነበር። ሦስቱ ደግሞ ከኋላቸው ተነካክሰው ሞቱብኝ። በኋላ በቀን እስከ 45 እንቁላል ደረስን። ከሦስት ሳምንት በፊት የመብራት ሂሳቡ በዛ ብለን የውስጡን አምፖል አጠፋነው። አሁን 20 እንኳ አይሞላም፣ ላባቸውም እየረገፈ ነው። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ሳልም የለባቸውም። ምን ነካቸው? ሌላው ነገር፣ ከዶሮ ቤቱ ደጃፍ ያለው ማሽላ እስካሁን ዛላ አላወጣም። ራቅ ያለውን ግን ከወፍ እየጠበቅን ነው። ባለቤቴ የዶሮው ኩስ ነው ያበላሸው ይላል። ፍየሎቻችንስ በመብራቱ ይጎዳሉ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ስለ ዶሮውና ስለ ማሽላው ሁለት ጥያቄ የጠየቅሽኝ መስሎሻል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ዶሮሽም ማሽላሽም የቀኑን ርዝመት ይቆጥራሉ። አምፖሉ ቆጠራቸውን አሳታቸው።

ከዶሮዎቹ ልጀምር። እንቁላል በድንገት ሲቀንስ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ነው። አንገት የሚጠመዝዝ፣ የሚያስል ወይም አረንጓዴ የሚያስቀምጣት ዶሮ ካየሽ ይህን ጽሑፍ ተይውና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሪ። እንዳልሽው በደንብ የሚበሉና የሚጠጡ ከሆነ ግን ምክንያቱ ያጠፋሽው መብራት ነው።

ዶሮ ብርሃን የሚደርሳት በዓይኗ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ የራስ ቅሏን አልፎ አንጎሏ ድረስ ይገባል። ዓይኗ የጠፋ ዶሮ እንኳ በዚህ መንገድ ቀኑ መርዘሙን ታውቃለች። ቀኑ ሲረዝም አንጎሏ እንቁላል የሚያዘጋጀውን ክፍል ያነቃቃዋል። ሲያጥር ደግሞ ወቅቱ አለፈ ብላ መጣሉን ታቆምና ላባዋን ትለውጣለች። አንቺ በአንድ ማታ ከ24 ሰዓት ብርሃን ወደ 12 ሰዓት የማይሞላ አወረድሻቸው። ለእነሱ ዓለም ተገለባበጠች።

የሞቱት ሦስቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። በማደግ ላይ ያለች ቄብ ብዙ ብርሃን ስታገኝ አጥንቷና ዳሌዋ ሳይጠና መጣል ትጀምራለች። እንቁላሉ ትንሽ ይሆናል። ስትጥል ማህፀኗ ወጣ ብሎ ቀይ ሆኖ ይታያል። ዶሮ ደግሞ ቀይ ነገር ካየች አትምርም። ሌሊት መብራት ስላለ አያንቀላፉም፣ እየተነካከሱ ያድራሉ። በጊዜ ጀመሩልን ብሎ መደሰት ያለ ነው፣ ግን የአጥንቷን ዕድሜ ነው የበላችሁት።

አሁን መብራቱን በአንዴ አትመልሺው። ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አብሪና ፀሐይ ስትወጣ አጥፊ። በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ እየሳብሽ ሂጂ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርሺ እዚያው ያዢው። ያኔ 14 ሰዓት ተኩል ገደማ ብርሃን አላቸው፣ ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አንዲት ደቂቃ አትቀንሺ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ታይመር ብትገዢ በየሌሊቱ ከመነሳት ትገላገያለሽ። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት በሶላር የምትሞላ ፋኖስ አስቀምጪ።

ማታ ሳይሆን ንጋት ላይ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ማታ አምፖሉ ድርግም ሲል ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል። ከዚያ በላይ ግን የድሬ ሙቀት አለ። ቀን ሲሞቅ ዶሮ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ መኖ ትተዋለች፣ የእንቁላሏም ቅርፊት ይሳሳል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። የዚያን ጊዜ መብራትና መኖ ካገኘች ቀን ያጣችውን ታካክሳለች። ማታ ማታ ደግሞ ደቀቅ ያለ የኖራ ድንጋይ መኖ መስጫው ላይ ጣል አድርጊ። ቅርፊቱ የሚሠራው ሌሊት ነው።

ብርሃኑ ስለመብቃቱ መለኪያ አትፈልጊ። ጋዜጣ ይዘሽ መኖ መስጫው አጠገብ ቁጭ በይ። ፊደሉ ከተነበበልሽ በቂ ነው። ነጭ ከሚያንጸባርቀው ይልቅ ቢጫውን አምፖል ምረጪ፣ አቧራውንም ጥረጊ። እንቁላሉ በሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ እያለ ይመለሳል። ላባ መቀየር የጀመሩት ግን ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋሉ፣ ለማረድ አትቸኩዪ። ለሚቀጥለው ዙር ጫጩቶች ከሆነ፣ አንዴ ከሙቀት ማቀፊያ ከወጡ እስከ 17 ወይም 18 ሳምንታቸው ድረስ ተጨማሪ መብራት አታብሪላቸው። የፀሐይዋ ይበቃቸዋል።

ጅቡንም አልረሳሁትም። ጅብን የሚያስቆመው ጠንካራ በርና ግድግዳው ሥር የተቀበረ የሽቦ መረብ ነው።

ወደ ማሽላው እንምጣ። ኩሱ አይደለም፣ ባለቤትሽን እንዲህ በይልኝ። ኩስ ቢበዛበት ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ይቃጠል ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ጥቁር አረንጓዴ፣ ጤነኛ፣ ከሌላው የረዘመ ማሽላ ነው። ነገ አንዱን አገዳ ከላይ በቢላዋ ለሁለት ሰንጥቂው። መሃሉ ላይ ተጠቅልሎ የሚጠብቅ ዛላ ካላገኘሽና ቅጠል በቅጠል ከሆነ፣ ተክሉ እስካሁን ሰኔ ላይ ነኝ ብሎ ያምናል ማለት ነው።

የሐረርጌ ረጃጅም ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ያበቅላል። ዛላ የሚያወጣው ቀኑ ሲያጥር ነው። በእኛ አካባቢ ሰኔ ላይ ቀኑ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ታኅሣሥ ላይ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ማሽላው ግን ይለየዋል። ቅጠሉ በትክክል የሚለካው የሌሊቱን ጨለማ ርዝመት ነው። ደጃፍሽ ላይ ያለው አምፖል ደግሞ ጨለማውን ነሳው። ለእኛ ደብዛዛ የሆነ ብርሃን ለእሱ ቀን ነው። ይህን ጠባይ አሜሪካኖች በደንብ ያውቁታል። ከኢትዮጵያ የሄዱትን ጨምሮ የሞቃት አገር ማሽሎችን ቴክሳስ ላይ ሲዘሩ በጋቸው ቀኑ ስለሚረዝም ዛላ አላወጣ ብሎ አስቸገራቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. የጀመረ ፕሮግራም ነበራቸው፤ ፖርቶ ሪኮ ላይ እያዳቀሉ የቀን ርዝመት የማይገዳቸውን አጫጭር ዝርያዎች አወጡ።

የዘንድሮው የደጃፉ ማሽላ አይደርስልሽም፣ ዝናቡም እያለቀ ነው። አጭደሽ በደንብ አድርቂና ለከብት አድርጊው። ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ግን ከብት እንዳይበላው ጠብቂ፣ መርዝ አለው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ለከርሞ እዚያ መስመር ላይ «መልካም» እንደሚባለው ያለ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዝርያ መዝራት ትችያለሽ፤ እንዲህ ያሉት ለቀኑ ርዝመት ያን ያህል አይጨነቁም።

ፍየሎቹ በመብራቱ ይጎዳሉ ወይ ላልሽው፣ ስለእነሱ አታስቢ። የእኛ አገር ፍየልና በግ ዓመቱን ሙሉ ይረባል። የሚወስነው መኖው ነው።

ደጃፉ ላይ መብራት የግድ ከሆነ አምፖሉን ከማሽላው በኩል በቆርቆሮ ጋርጂው፣ ብርሃኑ ወደ ታች ብቻ ይውረድ። ከዚያ ጨረቃ በሌለችበት ማታ ማሽላው መሃል ገብተሽ ቁሚና እጅሽን ዘርጊ። የእጅሽ ጥላ ቅጠሉ ላይ ከታየ ቆርቆሮውን ትንሽ ዝቅ አድርጊው።