በክረምት ከድመታችን ጋር የሚተኛው ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የ7 ዓመት ልጄን ክረምት ከገባ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፤ ጠዋት ደግሞ ደጋግሞ ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑንም ያሻል። በበጋ ደኅና ነበር። ውሮ የምንላት ድመት አለችን፤ ብርዱ ሲበረታ ልጁ ጋቢ ላይ ጥቅልል ብላ ታድራለች። ጎረቤቶቼ «ፀጉሯ ሳንባው ውስጥ ገብቶ አስም ያመጣበታል፣ አውጥተሽ ጣያት» ይሉኛል። እሱ ግን ያለ እሷ እንቅልፍ አይወስደውም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የድመት ፀጉር ሳንባ ውስጥ ገብቶ አስም አያመጣም። አለርጂ የሚቀሰቅሰው በድመት ምራቅና በቆዳዋ የቅባት ዕጢዎች ውስጥ የሚገኝ ፌል ዲ 1 የተባለ ፕሮቲን ነው። ድመት ሰውነቷን ስትልስ ምራቋ ፀጉሯ ላይ ይደርቅና እጅግ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል፤ ምንጣፍና ፍራሽ ላይም ይጣበቃል። ውሮ ጋቢው ላይ ሆና እግሯን ስትልስ የምታመሽ ከሆነ፣ ልጅዎ ተከናንቦ ሲተኛ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ያንኑ ብናኝ ነው።

ይሁን እንጂ በበጋም አብራችሁ የነበረች ድመት ብቻዋን ጥፋተኛ ናት ማለት አይቻልም። በክረምት እሷ ከግቢ ወደ ቤት ትገባለች፣ መስኮት ይዘጋል፣ ያልደረቀ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል፣ የግድግዳው ጥግም ይሻግታል፤ ሻጋታ ደግሞ ራሱን የቻለ የአለርጂ መነሻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን እንዲመልሱልኝ የምፈልገው ጥያቄ ቡና ከተፈላ በኋላ ማንደጃው የት ያድራል የሚል ነው። ለሙቀት ተብሎ ልጁ ከሚተኛበት ክፍል የሚገባ ከሆነ እባክዎ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። የከሰል ጭስ የልጅን የአየር ቧንቧ ያስቆጣል፤ ጭሱ ያለቀለት ፍም እንኳ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኙትን ሳይነቁ ሊገድል ይችላል።

ልጁን በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰቡ አስም ያለበት ካለ ይንገሩ። አስም መሆኑ ከተረጋገጠ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ በተለምዶ ፓፍ የምንለው፣ ሊታዘዝለት ይችላል። ብዙ ወላጆች «ይለምድበታል» ብለው ሲያቋርጡት አያለሁ፤ ፓፍ ሱስ አያስይዝም፣ በራስ ፈቃድ ማቋረጡ ነው የሚጎዳው። ትንፋሽ አጥሮት መናገር ካቃተው፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ከተሰረጎደ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ውሮን አይጣሏት። ከመኝታ ክፍሉ ግን ትውጣ፤ ሳሎን ውስጥ ካርቶን ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ቢያነጥፉላት አይበርዳትም፣ ካርቶኑንም ልጁ ራሱ ቢያዘጋጅላት መለያየቱ ይቀለዋል። ጋቢውንና አንሶላውን በሙቅ ውኃ እያጠቡ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ያስጡ፤ ወለሉንም በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ልጁ ካሻሻት በኋላ እጁን ይታጠብ። ብናኙ ድመት ከቤት ከወጣች በኋላም ለወራት ስለሚቆይ፣ ለሦስት ቀን ጎረቤት አስቀምጦ ለውጥ መጠበቅ ምንም አያረጋግጥም። በምርመራ የድመት አለርጂ እንዳለበት ታውቆ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደም ካልተሻለው፣ ያን ጊዜ የሚወዳት ዘመድ ዘንድ እንድትሄድ እመክራለሁ፤ መንገድ ላይ ግን በፍጹም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ስለሚይዝ እስካሁን ካልተከተበች ያስከትቧት፤ ከነከሰችው ወይም ከቧጠጠችው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥበው በዕለቱ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ያሳለበትን ሌሊትና በዚያ ሌሊት ድመቷ፣ ከሰሉና መስኮቱ እንዴት እንደነበሩ ለአራት ሳምንት ይመዝግቡና ደብተሩን ለሐኪሙ ያሳዩ።